በቱሉ ዲምቱ ሜሲ ዛሬም የባርሴሎና ነው

ባለፈው እሁድ በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ የብሎካችን ነዋሪዎች ተሰብስበን ስለ ውኃ ታንከርና ስለ ጥበቃ ደመወዝ ከተነጋገርን በኋላ፣ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው በሕንፃው ሥር ካሉት ሱቆች መካከል አንዱ የሆነው የፕሌይስቴሽን ቤት እንዲዘጋ ለወረዳው ደብዳቤ እንጻፍ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ልጃቸው ቅዳሜና እሁድን እዚያ እንደሚያሳልፍ፣ ደብተሩን ከዓርብ እስከ ሰኞ እንደማይገልጥ፣ ውስጥ ምን ሲጫወት እንደሚውልም እንደማያውቁ ተናገሩ። ብዙ ሰው አጨበጨበላቸው። የእኔ አሳብ ግን የቀረው በመጨረሻው ንግግራቸው ላይ ነበር፤ ልጆቻችን ምን እንደሚጫወቱ ሳናውቅ የሚጫወቱበትን ቤት ልናዘጋ መነሣታችን ገርሞኛልና።

ምን እንደሚጫወቱ ለማወቅ መጋረጃውን ገልጦ መግባት ይበቃል። የሚጫወቱት ኳስ ነው። ከስድስቱ ቴሌቪዥኖች በአምስቱ ላይ እግር ኳስ ይታያል፤ በስድስተኛው ላይ ደግሞ ሁለት ሰው የሚደባደብባቸው ሞርታል ኮምባት ወይም ቴከን ይኖራል። ይህ የሆነው የቱሉ ዲምቱ ልጆች ከሌላው ዓለም ልጆች የተለየ ምርጫ ስላላቸው አይመስለኝም። ምክንያቱ ጨዋታው የሚሸጥበት መንገድ ነው። በእኛ ሰፈር ጨዋታ የሚከፈልበት በግጥሚያ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ስኒ የጀበና ቡና ብዙም አይርቅም። የቤቱ ባለቤት የእያንዳንዱን አጋማሽ ደቂቃ አሳጥሮ ያስቀምጠዋል፣ ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይይዛሉ፣ የተሸነፈው ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈው ደግሞ ወንበሩን ሳይለቅ ቀጣዩን ይጠብቃል። ተሸናፊ ከፋይ የሚለው ደንብ ከፕሌይስቴሽን ጋር የመጣ እንዳልሆነ በየመንደሩ ጆተኒ ሲጫወት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ደንብ መሠረት ጎበዝ ልጅ በአንዲት ሳንቲም ግማሽ ቀን ሊጫወት ይችላል፤ ሰነፉ ግን ዳር ቆሞ የሰው ጨዋታ ሲያይ ይውላል። እንግዲህ ለሁለት ሰው የሚሆንና በአሥር ደቂቃ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለይበት ጨዋታ ብቻ ነው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ የሚያገኘው። ታሪክ ያለው፣ አንድ ሰው ብቻውን ለሳምንታት እየቆየ የሚጨርሰው ጨዋታ የባለቤቱን ወንበር ይይዛል እንጂ ገቢ አያመጣም።

ይህን የማውቀው በራሴም ስለደረሰ ነው። በልጅነቴ ፕሌይስቴሽን 2 ባለበት ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን፣ መኪና እየነጠቁና እየተታኮሱ በከተማ የሚዞሩበትን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስን በሰዓት ከፍለን እንጫወት ነበር። የደረስንበትን የሚያስቀምጥ ሚሞሪ ካርድ ግን ለደንበኛ አይሰጥም ነበር፤ ስለዚህ በየቅዳሜው ከዚያችው ጠባብ መንገድ፣ በዚያችው ብስክሌት እንደ አዲስ እንጀምራለን። ታሪኩ የት እንደሚያደርስ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። መሣሪያና መኪና የሚያስገኙትን ኮዶች ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፈን በኪሳችን እንይዝ ነበር፤ ያ ወረቀት ከፈተና ማስታወሻ የበለጠ በጥንቃቄ የሚያዝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዛሬ ወላጆች የሚፈሩት ደም የሚፈስበት ረጅም ጨዋታ በሰፈራችን እምብዛም የማይታየው በዚሁ የሒሳብ ምክንያት ነው።

ስለ ኳሱም ቢሆን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዲስኮቹ አሮጌ ናቸው። አንዱ ቴሌቪዥን ላይ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የእግር ኳስ ጨዋታ ፊፋ 21 ስለሆነ ሊዮኔል ሜሲ እዚያ ዛሬም ባርሴሎናን ይመራል፤ በእውኑ ዓለም ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ወደ ፓሪስ፣ በ2023 ደግሞ ወደ ማያሚ ሄዷል። ጥግ ላይ ባለው ላይ ክርስቲያኖ ሮናልዶ የጁቬንቱስን ማሊያ እንደለበሰ ነው። ይባስ ብሎ ፊፋ የሚባል አዲስ ጨዋታ ራሱ ከአምራቹ ከኢኤ ስፖርትስ መውጣት አቁሟል፤ ኩባንያውና ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የዘለቀውን የስም ውል ሲያፈርሱ ፊፋ 23 የመጨረሻው ሆኖ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል። ተፎካካሪው የኮናሚ ኩባንያ የኳስ ጨዋታ ፔስም ከ2021 ጀምሮ ኢፉትቦል ሆኗል። በእኛ ዘንድ ግን ሁሉም ፊፋ ነው፤ ፔስ የሚጫወተውም ልጅ «ፊፋ ቤት ነበርኩ» ይላል። ዲስኩ ያልታደሰው ባለቤቱ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን የኦንላይን አገልግሎት በይፋ ከሚሰጥባቸው አገሮች ውስጥ የለችም፤ በሌላ አገር ስም አካውንት ከፍቶ ለመግዛት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። እናም ልጆቹ የሚጫወቱት የሚወዱትን ወይም አዲስ የወጣውን አይደለም፤ ገመዱና ዋጋው እስከ ከተማው ዳር ያደረሱትን ነው።

የቅዳሜው አዋዋል ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ከእኩለ ቀን በኋላ ባለው ጊዜ ልጆቹ በዕለቱ በፕሪሚየር ሊግ የሚገናኙትን ሁለት ቡድኖች መርጠው ግጥሚያውን አስቀድመው ይጫወቱታል፤ አመሻሹ ላይ ደግሞ ከማዶ ወዳለው ዲኤስቲቪ ቤት ሄደው እውነተኛውን ያያሉ፣ ካልተሳካላቸውም በር ላይ ቆመው ጩኸቱን ይሰማሉ። እሁድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ነው የሚሞላው። በመካከሉ መብራት ከጠፋ 2 ለ 1 ሲመራ የነበረው ልጅ አሸናፊ ነው ወይስ ግጥሚያው ይሰረዛል የሚለው ክርክር ይነሣል፤ እኔ ባየሁት ጊዜ ታላላቆቹ ተነጋግረው ክፍያውን እኩል አካፍለውታል። ቤቱ ይዘጋ ያሉት አባት ይህን ቢያዩ ኖሮ ቢያንስ በዚህ ይደሰቱ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ስልክ ያላቸው ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው። በረንዳ ላይና በደረጃው መታጠፊያ፣ ኔትወርኩ ሻል በሚልበት ሁሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ፍሪ ፋየር ወይም ፐብጂ የሚባሉትን የተኩስ ጨዋታዎች ይጫወታሉ። አንድ መቶ ሰው በአንድ ደሴት ላይ የሚጥለው ፐብጂ ስልኩም ዳታውም ጠንከር ያለ ይፈልጋል፤ ሃምሳ ሰው የሚያጋጥመው ፍሪ ፋየር በመናኛ ስልክ ላይም ስለሚሠራ በሰፈራችን የሚበዛው እሱ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ያቃተው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የኳስ ጨዋታ ድሪም ሊግን ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው ዜንደር ከጓደኛው ተቀብሎ ይጫወታል። እዚህም ምርጫው የኪስ ነው። ልጃገረዶችን ካየሁ ያየሁት በስልኩ በኩል ብቻ ነው፤ ከመጋረጃው በስተ ጀርባ አንዲትም አላየሁም፤ ቤቱ ይዘጋ ከሚለው ክርክር ይልቅ ይህ ሊያነጋግረን የሚገባ ይመስለኛል።

ይዘጋ የሚሉት ሰዎች የሚያነሡት ሁሉ ከንቱ አይደለም። ብር አስይዘው የሚጫወቱ ታላላቆች አሉ፤ ግጥሚያውን ወደ ውርርድ የሚለውጡት እነሱ ናቸውና ይህ በግልጽ ሊከለከል ይገባል። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የሚያስገባ ባለቤትም ቢቀጣ የምከራከርለት አልሆንም። ነገር ግን በስብሰባው ላይ ሁለት ቃላት ያለ ቦታቸው ተነሥተዋል። አንደኛው ሱስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የጨዋታ ችግር ብሎ የመዘገበው፣ ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ሕይወቱ ሲያስቀድመው፣ እየጎዳው መሆኑን እያየም ሲቀጥልና ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ግጥሚያ የተጫወተ ልጅ በዚህ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው «ቻይና እንኳ ከልክላለች» የሚለው ነው። ቻይና ሙሉ በሙሉ አልከለከለችም፤ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ልጆች ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድና በበዓላት ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ ያዘዘችው በኦንላይን ጨዋታ ላይ ነው፤ የሚፈጸመውም በእውነተኛ ስም በሚደረግ ምዝገባ ነው። አሮጌ ዲስክ ከፊቱ አድርጎ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ጎን ለጎን የተቀመጠን ተጫዋች ያ ደንብ አያገኘውም።

ቤቱ ቢዘጋ ልጆቹ ወዴት ይሄዳሉ የሚለው ጥያቄም መልስ አላገኘም። በብሎኮቹ መካከል ለኳስ ይሆናል ሲባል የነበረው ባዶ ቦታ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ መኪናቸውን እዚያ ከሚያቆሙት መካከል ያጨበጨቡት ይገኙበታል፤ እኔም አለሁበት። ልጆቹ በእጃቸው ኳስ የሚመቱት በእግራቸው የሚመቱበት ስለሌለ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ደብዳቤው ለጊዜው አልተጻፈም። በማግሥቱ ከባለቤቱ ጋር ተገናኝተን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ብቻ እንዲከፍት፣ ብር ማስያዝ የተከለከለ መሆኑን በግድግዳው ላይ እንዲለጥፍ ተስማማን። አልስማማም ያለው መጋረጃውን ስለማንሣት ብቻ ነበር፤ ከተነሣ የፀሐዩ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እያረፈ ልጆቹ ኳሱን አያዩትም አለ። አባትየው ትንሽ ቆይተው ክፍሉን ተመለከቱና ቴሌቪዥኖቹ በትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ብርሃኑ ከኋላቸው እንደሚሆን፣ ከውጭ የሚያልፍ ሰውም ስክሪኑን ማየት እንደሚችል አሳዩት። ሶኬቱን ለማዛወር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቷል።