«ዓሣ አለበታ!»

በቀደም ከሲያትል ወጣ ብዬ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ጫካ ገባን። ጫካው የእንጨት ኩባንያ ነው። ተራራው ሙልጭ ብሎ ተቆርጧል፤ ጉቶ ብቻ። መሀል ላይ ግን አንዲት ቀጭን ወንዝ ትወርዳለች። ግራና ቀኟ ዛፉ እንዳለ ቆሟል። ግንዶቹ ላይ ደማቅ ሪባን ታስሯል።

«ይህን ለምን ተዉት?» አልሁት።

«ዓሣ አለበታ!»

ይህቺ ቃል እስካሁን አልለቀቀችኝም።

ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት ምዕራብ ዓሣ ካለበት ወንዝ ዳር 50 ጫማ፣ 15 ሜትር ያህል ማለት ነው፣ ዛፍ አይቆረጥም። መሬቱ የግል ቢሆንም ያው ነው። እዚህ አካባቢ ቺኑክ የሚሉት ሳልሞን በ1999 እ.ኤ.አ. የመጥፋት ስጋት አለበት ተብሎ ተመዝግቧል። ዛፉ ጥላ ስለሚሆን ውሃው አይሞቅም። ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ወንዝ ውስጥ የወደቀ ግንድ እንኳ ዋጋ አለው። ድሮ የዓሣውን መንገድ ይዘጋል ብለው ያወጡት ነበር። ለዓሣ ጫጩት መጠለያ መሆኑ ሲገባቸው ግንድ እየጫኑ መልሰው ይጨምሩ ጀመር።

እኔ የግልገል ዓባይ ልጅ ነኝ፣ ከወተት ዓባይ ወዲህ። ጣና ውስጥ 17 ዓይነት ነጭ ዓሣ አለ። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የሉም። ገሚሶቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብ ሽቅብ ይሄዳሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ ባለበት ጠጠር ላይ ነው። ደለል ከተኛበት እንቁላሉ ይታፈናል። እኛ ደግሞ ልትወልድ የመጣችውን ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን እንጠብቃታለን፤ አንዳንዱም ዓሣ የሚያደነዝዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ይበትንባታል። በዚህ ላይ ደለሉ ተጨመረ።

አምና አገር ቤት ስገባ ከቤታችን በታች ወዳለው ወንዝ ወረድሁ። ልጅ ሆነን ዳሩ ሁሉ ዶቅማ ነበር። ፍሬውን በልተን ምላሳችን ጠቁሮ እንገባ ነበር። አሁን እስከ ወንዙ ከንፈር ድረስ ባሕር ዛፍ ነው። ከሥሩ ሣር የለም፤ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ያወርደዋል። ድንጋይ አንስቼ አየሁ። ከሥሩ ጠጠር የለም፤ እንደ ሊጥ የሚያጣብቅ ጭቃ ብቻ።

የችግኙ መግዣ እኔ የላክሁት ገንዘብ ነው። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። «ለእርሻው ይሁናችሁ» ብዬ ነበር የላክሁት፤ የት እንደሚተከል አልጠየቅሁም።

አጎቴ ጋ ደወልሁ። «ጋሼ፣ የወንዙን ዳር ይልቀቁልኝ፣ ዶቅማና ሾላ ይተከልበት» አልኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ማዳበሪያውን በምን ልግዛ? ባሕር ዛፍ እኮ ብትቆርጠው መልሶ ያቆጠቁጣል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ ገበሬ ለጣና ዓሣ ብሎ ብቻውን ይክሰር ማለት አይቻልም። ጉድለቱን እኔ እሞላለሁ አልሁ። ደግሞም የደብራችንን ጽድና ወይራ ማን ይነካል? ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ወንዙ ዳር ያለውንም እንደዚያ ብናየው ምን አለበት?

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ «ሁለት ረድፍ ነቅዬ ልተውልህ» አሉኝ። ሁለት ረድፍ ስንት እንደሆነ ልጃቸውን በስልክ አስለካሁት።

ስድስት እርምጃ ነው። እሑድ እንደገና እደውላለሁ።