ሦስተኛው ድስት

ፍራንክፈርት የምኖር የደሴ ልጅ ነኝ። የትምህርት ዓመቱ በተጀመረ ሰሞን፣ እንደ እኔው ከወሎ የመጣና በቤተ ክርስቲያናችን በድቁና የሚያገለግል ወዳጄ አንዲት ወረቀት አጥፎ ይዞ ቤቴ መጣ። ልጁ ከሃይማኖት ትምህርት ወጥታ ወደ ሥነ ምግባር ክፍል መዛወሯን የሚገልጽ የትምህርት ቤት ቅጽ ነበር። «እኔ የምፈርምበትን ቦታ ፈልግልኝ፤ ጀርመንኛዬ አላደርስ ብሎኝ ይሆናል» አለኝ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጬ አየሁት፤ ለወላጅ ፊርማ የተተወ መስመር አልነበረውም። ከግርጌው ያለችው ብቸኛ መስመር የተማሪዋ ስትሆን፣ እርሷም በሰማያዊ እስክሪብቶ አሳምራ ፈርማበታለች። ልጅቷ 14 ዓመት ከሞላት ገና ሦስት ወሯ ነበር።

ነገሩ በጀርመን አዲስ አይደለም። የልጆችን የሃይማኖት አስተዳደግ የሚመለከተው ሕግ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሐምሌ 1921 የወጣ ሲሆን ዛሬም ይሠራበታል። በዚህ ሕግ መሠረት 12 ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ፈቃዱ ቀድሞ ከነበረበት እምነት ወደ ሌላ ተዛውሮ ሊያድግ አይችልም፤ 14 ሲሞላው ደግሞ የትኛውን እምነት እንደሚይዝና የትኛውን እንደሚተው የሚወስነው ራሱ ነው። ኖርዌይ ይህንኑ ዕድሜ 15፣ ስዊዘርላንድ 16 አድርገውታል። ባየርን የተባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት ግን ተማሪው በራሱ ፊርማ ከሃይማኖት ክፍል ለመውጣት 18 ዓመት እስኪሞላው እንዲጠብቅ ያደርጋል። ይህን ሁሉ ለወዳጄ ሳስረዳው አንገቱን ደፍቶ ሲሰማኝ ቆየና፣ «የስልክ ውል ያለ እኔ ፊርማ መዋዋል አትችልም፤ ከፈጣሪዋ ጋር ያላትን ውል ግን ብቻዋን ታፈርሳለች ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጅቷ ውሉን ስለማፍረሷ እርግጠኛ አልነበርሁም፤ ጥያቄው ግን መልስ የሚገባው ጥያቄ ነበር።

ከዚያ በኋላ የታዘብሁት ነገር ሕጉ ስለማይደርስበት ስፍራ ነው። አባት ልጁን ለሦስት ሳምንት አላናገራትም። ልጅቷ ደግሞ የመተው መብት ያላት ሆና ሳለ እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ከእናቷ ጋር ትመጣለች፤ ምክንያቱን ስጠይቃት፣ «እማዬን ሴቶቹ ‹ልጅሽ የት አለች?› እያሉ እንዳያስጨንቋት ነው» አለችኝ። መንግሥት በፊርማዋ ያረጋገጠላትን ነፃነት ከማኅበሩ ዓይን ትደብቀዋለች። በውጭ አገር የምንኖር ወላጆች ብዙ ጊዜ ልጆቻችንን የነጠቀን የፈረንጅ ሕግ እንደሆነ እናማርራለን፤ ይሁንና ከልጁ እምነት ይልቅ የሚያንገበግበን የጠበል ጻድቁ ዕለት የሚወራው ወሬ መሆኑን ለራሳችን እንኳ አንናገርም።

ደሴ በሄድሁ ጊዜ ይህን ትዝብት ይዤ ነበር የሄድሁት። ወሎ በመቻቻል ስሙ የተጠራ አገር ነው፤ ስሙም በከንቱ የወጣ አይደለም። ሐይቅ ከተማ በሚገኘው በአያቴ ቤት በመደርደሪያው ጫፍ ላይ ለብቻቸው የሚቀመጡ አንድ ድስትና አንድ ቢላዋ ነበሩ፤ እስላም ዘመዶቻችን ሲመጡ እነርሱው ባርከው አርደው የሚያበስሉባቸው ነበሩ። የአያቴ ወንድም ሼህ ናቸው፤ በእርሳቸውም ቤት እንደዚሁ የእኛ የክርስቲያኖቹ ድስት አለ። ልጅ ሳለሁ ሁሉም አገር እንዲህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

ነገር ግን ይህ መቻቻል የሚሠራበት መንገድ ነበረው። በእኛ አገር ሃይማኖት ከቤት ቤት የሚሻገረው አብዛኛውን ጊዜ በጋብቻ ነው፤ ጋብቻ ደግሞ ሽማግሌ አለው፣ ጥሎሽ አለው፣ ድግስ አለው፣ የሚያኮርፍ ዘመድ የሚታረቅበት ቀን አለው። የ16 ዓመት ልጅ ብቻዋን ተነሥታ ልቤ ወደዚህ አዘነበለ ስትል ሽማግሌ የሚልክላት ማንም የለም። ወግ ያልተበጀለት ነገር ስለሆነ ቤተሰቡ ልጁን እንደተሰረቀ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ ሌባውንም ፍለጋ ይወጣል።

ሰኞ ገበያ አካባቢ የማውቀው ቤተሰብ የገጠመው ይኸው ነው። ኦርቶዶክስ የሆኑ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ የግድግዳ ጎረቤታቸው እስላም ሲሆን ለአረፋም ለፋሲካም ትሪ ይለዋወጣሉ። የ16 ዓመት ልጃቸው ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ወደ ፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት መመላለስ ጀመረች፤ በአልጋዋ ሥር የዝማሬ ደብተር ተገኘ። በመጀመሪያ ስልኳን ቀሟት፤ ቀጥሎ ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቋት፤ በመጨረሻም አጎቷ ዘንድ ኮምቦልቻ ሰደዷት። (ኮምቦልቻ ጸሎት ቤት የሌለ ይመስል።) እናቷ ቡና እየቀዳችልኝ፣ «እስላም ብታገባ እንኳ አልቅሼ እለምደው ነበር፤ ይኼኛው ግን ከየት መጣ?» አለችኝ። ይህ ንግግር አላስቆጣኝም፤ አሳሰበኝ እንጂ። ለምደን የኖርነው ሁለት ድስት ስለሆነ ሦስተኛው የሚጣድበት ጉልቻ አልተዘጋጀም ማለቷ ነበር።

ሕጉንስ ማን አየው? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን እምነት ከመያዝ በኃይል እንዳይገደድ ይደነግጋል፤ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ወላጆች በእምነታቸው መሠረት ልጆቻቸውን በሃይማኖትና በመልካም ሥነ ምግባር የማሳደግ መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ሁለቱ ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንደኛው አብቅቶ ሌላው የሚጀምርበት ዕድሜ ግን በአንቀጹ ውስጥ አልተጠቀሰም። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 14 የልጁን የሃይማኖት ነፃነት ያውቅና ወላጅ እንደ ልጁ የመረዳት ዕድገት እየመራ እንዲያሳድገው ያዝዛል። እኔ ይህን የስምምነቱን አነጋገር ከጀርመኑ ቁርጥ ያለ 14 ይልቅ ለወሎ እናት ማስረዳት የሚቻል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይሁን እንጂ ልጁ ተበደልሁ ቢል የሚጮኽበት ደጅ ያስፈልገዋል። ፍራንክፈርት ያለች ልጅ ከቤት ብትባረር የወጣቶች ጉዳይ ቢሮ ማደሪያ ይፈልግላታል፤ የሰኞ ገበያዋ ልጅ እንጀራዋም፣ ደብተሯም፣ ማደሪያዋም በአባቷ እጅ ነው። ስለዚህ ትታዘዛለች፤ ማመኗን ግን አልተወችም፤ መደበቁን ተማረች እንጂ።

መደበቅን ደግሞ ወሎ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከደሴ በስተ ሰሜን ብዙም ሳይርቅ ባለው ቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ጉባኤ ተደርጎ፣ የአገሩ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ፣ ሚካኤል ተብለው ክርስትና ተነሡ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ሼህ ጠልሃን የመሰሉት ግን እምቢ ብለው ሸፈቱ። ከሕዝቡ ብዙው ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱም ከሥልጣን በ21 ዓመታቸው፣ በ1909 ዓ.ም. መስከረም ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋነኛው ሃይማኖታቸውን ለቀዋል የሚል ነበር። የዚህ ሁሉ ልጆች ሆነን፣ ዐፄ ዮሐንስ በአያቶቻችን ላይ የሞከሩትን እኛ በየሳሎናችን በልጆቻችን ላይ ስንሞክረው ውጤቱ ሌላ እንዲሆን መጠበቃችን ይገርመኛል።

የአያቴ ወንድም ቤት ያየሁት ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ቤት የሐሙስ ማታ ወዳጃ (ተሰብስቦ ዱዓ የሚደረግበት የወሎ ሥርዓት) ከሽማግሌው ወጣትነት ጀምሮ ተቋርጦ አያውቅም፤ እጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዱዓው ይደረጋል። የ17 ዓመት ልጅ ልጃቸው ግን ጥብቅ ከሆኑ አስተማሪዎች ዘንድ መማር ከጀመረ ወዲህ ወዳጃው ቢድዓ፣ ማለትም በሃይማኖቱ ላይ የተጨመረ ፈጠራ ነው ብሎ አይቀመጥም፤ ለወዳጃ ከታረደውም አይቀምስም። ሽማግሌው በመጀመሪያ በከዘራቸው ከቤት ሊያስወጡት ቃጥቷቸው ነበር፤ ወራትም ተኳርፈው ከረሙ። እኔ በነበርሁበት ሐሙስ ልጁ ከጓሮ ማድ ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ዱዓው ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌው ልጃቸውን ጠሩና፣ «ለእርሱም በክርስቲያኖቹ ድስት አጠገብ ሌላ ድስት ጣጂለት፤ ምስር ይሁን። ለጎረቤት ድስት ስለይ ዕድሜዬን ጨርሼ ለልጅ ልጄ ይጠበኛል?» አሉ። ምስሩ ተሠራ። ልጁ በላ፤ አያቱን ቀና ብሎ ሳያይ በላ፤ ሳህኑን ግን ራሱ አጠበው።

ስመለስ ይህን ለወዳጄ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ያ ልጅ እኮ ከመስጊድ አልወጣም፤ እንዲያውም ከአያቱ አብልጦ ይሰግዳል። ለእርሱ ድስት መጣድ ቀላል ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የምመልሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ወደ ኮምቦልቻ ስለተሰደደችው ልጅ ነገርሁት፤ ስለ ደብተሩም፣ ስለ ጠበሉም። ዕድሜዋን ጠየቀኝ። 16 እንደሆነ ስነግረው በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ አሰበና፣

«እዚህ ብትሆን ኖሮ ከፈረመች ሁለት ዓመት ይሆናት ነበር» አለኝ።