በመካከላችን ነፋስ አይግባ

የሐምሌ ዝናብ አዲስ አበባ ላይ መውረድ ሲጀምር ሕዝባችን ለጤናው ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ማየት የሚፈልግ ሰው ሆስፒታል ድረስ መድከም የለበትም፤ ሜክሲኮ ላይ ተሰልፎ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መግባት ይበቃዋል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ለ12 ሰው የታሰበውን መቀመጫ ለ15 አብቃቅቶ በሩን ሲዘጋ፣ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ በፖለቲካው፣ በእግር ኳሱ፣ በታሪፉም ጭምር ሊስማሙ ያልቻሉ ተሳፋሪዎች በአንድ ድምፅ «መስኮቱን ዝጉት!» ይላሉ። መግባባት ጠፋ እያሉ የሚያዝኑ ወገኖች ይህን ትዕይንት በቅርብ ቢከታተሉት መልካም ነው። እኔ በበኩሌ ይህን የመሰለ ልማድ እስካሁን አንድም አመስጋኝ ሳያገኝ መኖሩ ስለሚቆጨኝ፣ ክረምቱ ሳይወጣ የሚገባውን ክብር ልሰጠው ወድጃለሁ።

የልማዱ መሠረት ጥልቅ የሕክምና ዕውቀት ነው። በዚህ ዕውቀት መሠረት የሰው ልጅ ደዌ ሁሉ ምንጩ አንድ ነው፤ እርሱም ነፋስ ነው። አንገት ሲያዝ ነፋስ ነው፤ ጎን ሲወጋ ነፋስ ነው፤ ጥርስ ሲጠዘጥዝ፣ ፊት ሲጣመም፣ ወገብ አልቃና ሲል ነፋስ ነው። ምች ብቻ ፀሐይን በግብረ አበርነት ስለሚጠቅስ ጉዳዩ በዳማከሴ ተይዞ በቀጠሮ ይታያል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. ሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ መሆኑን ለማረጋገጥ ብዙ ደክሟል፤ አንድ ቀን ከእናቶቻችን ጋር ታክሲ ቢሳፈር ኖሮ ያን ያህል ማይክሮስኮፕ ላይ ባልተደፋ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ቢሆኑ ጉንፋንን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ100 በላይ ዓይነት እንዳላቸው፣ ከሰው ወደ ሰውም በትንፋሽና በእጅ እንደሚሻገሩ ይነግሩናል። እኛ ግን ከ100 ጠላት ጋር ከመዋጋት አንዱን ነፋስ ደጅ ማስቀረት እንደሚሻል ካወቅን ቆይተናል።

እናም መስኮቱ ይዘጋል። በእርግጥ ዝናብ እየገረፈ ሳለ መስኮት ክፈቱ የሚል ጨካኝ የለም፤ የልማዱ ታላቅነት የሚገለጠው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ፀሐይ ብልጭ ብላ፣ አስፋልቱ እንፋሎት እያወጣ፣ መስኮቱ እንደተዘጋ ይቀጥላል። መስታወቱ ቀስ በቀስ ወዝ ይይዝና ውጭው አይታይም። ጥግ ላይ የተቀመጠች ልጅ በጣቷ ልብ ትሥልበታለች፤ አጠገቧ ያሉት እናት መውረጃቸው እንዳያመልጣቸው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ያ በነጠላ የሚጠረገው ውኃ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የ15 ሰው ትንፋሽ ተጠራቅሞ ያፈራው ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ ያስላል። ሳሉ ደረቅ አይደለም፤ ብዙ ነገር ይዞ የሚመጣ፣ ባለቤቱም በመዳፉ ተቀብሎ ወዲያው ያንኑ መዳፍ የፊተኛው ወንበር ብረት ላይ የሚያሳርፍበት ዓይነት ነው። ቀጥሎ ሲያስነጥስ ታክሲው በሙሉ «ይማርህ!» ይላል፤ እርሱም «ያኑራችሁ» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ ከልብ ነው፤ መስኮቱ ግን አይነካም። መማሩ የፈጣሪ፣ መዝጋቱ የእኛ ድርሻ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከቤት የጀመረ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። ከእነዚያ ተሳፋሪዎች አብዛኞቹ ማለዳ ሲነሡ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው በማር ለውሰዋል፤ ቡናቸው ላይ ጤና አዳም ጣል አድርገዋል፤ ፌጦውን በሎሚ አሽተው አንድ ማንኪያ ወስደዋል፤ ለልጆቹ የአጃ አጥሚት አፍልተዋል። ምሳ ዕቃው ውስጥ ጎመን አለ፤ ክረምት የጎመን ወቅት ነውና በርካሽ ይገኛል፣ አረንጓዴነቱም ለሰውነት ቫይታሚን ነው፤ አባቶችም «ጎመን በጤና» ያሉት ለከንቱ አይደለም። (ጎመኑን ቀለሙ እስኪለቅ የመቀቀል ልማድ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) መንገድ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት እንኳ ሳይቀር የዚህ ሥርዓት አካል ነው፤ በገላጣ ሜዳ ተጠብሶ በተዘጋ ታክሲ ውስጥ ይበላል፤ ገለባውም ከወንበር ሥር ይገባል። ምግቡን ልንቀልድበት አንችልም፤ የሚያኮራ ነው። እዚህ ላይ ሊደነቅ የሚገባው የባለቤትነት ፍልስፍናችን ነው፦ ሆዳችን የግል ሀብታችን ስለሆነ ዝንጅብሉን ከጎረቤት ደብቀን እንወስዳለን፤ ሳንባችን ግን እንደ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና ማንም የማይሸጠው፣ የማይለውጠው፣ ሁሉም የሚጠቀምበት የጋራ ንብረት ሆኖ ይኖራል።

ታሪካችንም ከጎናችን ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ሲፈጅ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። የከተማው ሕዝብ በሽታውን ለማባረር ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እያልን በየሰፈሩ ላስቲኩንና አሮጌ ጫማውን እናጨሳለን። ለፍትሕ ሲባል ልመስክር፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ያን ዕለት ማታ፣ መስኮት መዝጋታችን ትክክል ነው።

ከዚህ ታሪክ ጋር የማይሄድ አንድ አሳፋሪ ምዕራፍ ግን አለ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኮሮና ወደ አገር መግባቱ ሲነገር ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ መንካቱ ደግ ነበር፤ ከአቋማችን ጋር ይስማማል። ነገር ግን ታክሲዎች በእጥፍ ታሪፍ ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ ተደረገ፤ መስኮት ይከፈት የሚለው ምክርም ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር። ለጥቂት ወራት በአንድ ወንበር ላይ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ ጉልበቱ የማንንም ጉልበት ሳይነካ፣ ነፋስ ፊቱን እየዳበሰው ሥራ ቦታ የደረሰበትን ያን የጭንቅ ዘመን ዛሬ የሚያነሣው የለም። ጭምብሉም መጀመሪያ ከአፍንጫ ወደ አገጭ፣ ቀጥሎም ከአገጭ ወደ ኪስ በክብር ወረደ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ አድርጎ የመዘገባት መሆኗን፣ ይህም በሽታ በተዘጋና በተጨናነቀ ቦታ በትንፋሽ እንደሚተላለፍ የሚያስታውሱ ፖስተሮች በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ብዙ ጊዜ የሚነበቡትም ከተዘጋ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ተራ በሚጠብቁ ሰዎች ነው።

ልማዱ በታክሲ እንደማይወሰን ለማሳየት ቢሮውን፣ የስብሰባ አዳራሹንና ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው የሚቀመጡበትን የመማሪያ ክፍል ማንሣት ይበቃል፤ ጠረናቸው ራሱ ይመሰክራል። ከሁሉ የሚልቀው ግን የመኖሪያ ቤታችን ነው። የክረምት ማታ በሩ ተዘግቶ፣ የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፎ፣ ከሰሉ መሐል ቤት ገብቶ ቡና ይፈላል፤ ቡናው ካለቀ በኋላም ፍሙ «ለሙቀት» ተብሎ እዚያው ያድራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል፤ ቤተሰብን በሙሉ ከተኛበት ይዞ ሊሄድ ይችላል፣ ይዞም ሄዷል። በዚህ ሁሉ ግን ነፋስ የመታው ሰው አንድም የለም።

አንዳንድ ለዘብተኞች «እሺ፣ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይከፈት» የሚል የማስታረቂያ ሐሳብ እንደሚያቀርቡ ሰምቻለሁ። አንዲት ወጣት ባለፈው ሰሞን ይህንኑ ሞክራ፣ ከአራት አቅጣጫ አራት ዓይነት ምርመራ ተደርጎላታል፦ አንደኛው «ልጄ፣ ጉሮሮሽን ማስመታት ነው የምትፈልጊው?» አላት፤ ሁለተኛዋ የሕፃን ልጇን ጆሮ በእጇ ሸፈነች፤ ሦስተኛው ገላምጧት ኮቱን ቆለፈ፤ አራተኛው ምንም ሳይናገር እጁን በትከሻዋ አሳልፎ መስኮቱን ገፍቶ ዘጋው። ሕዝብ ሲነቃ እንዲህ ነው። ስለዚህ የትራንስፖርት ቢሮ ወደፊት ለሚገቡት ሚኒባሶች የሚከፈት መስኮት እንዳይገጠምላቸው ቢወስን፣ የሚቆጥበውንም ገንዘብ ለዝንጅብል ድጎማ ቢያውል፣ የተሳፋሪውን ፍላጎት አከበረ እንላለን።

አንድ ነገር ብቻ ሳይፈታ ይቀራል፤ እርሱም ሹፌሩ ነው። ይህ ሰው ከንጋት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት መስኮቱን እስከ ታች አውርዶ፣ ክርኑን ወደ ውጭ አስደግፎ፣ ነፋሱን በግራ ጆሮው እየተቀበለ ይነዳል። አንገቱ አልተያዘም፤ ፊቱ አልተጣመመም። ተሳፋሪዎች ግን አይጨክኑበትም፤ አንዲት እናት ሒሳብ ሲከፍሉ «የኔ ልጅ፣ ወጣትነትህን አትመነው፣ ይህ ነፋስ ኋላ ነው የሚወጣብህ» ብለው በፌስታል ከቋጠሩት ዝንጅብል አንድ ጣት ሰጥተውታል፤ እርሱም አመስግኖ ተቀብሎ፣ ከኋላ ያለው ሳል ረገብ እስኪል ጠብቆ፣ ወደ መስኮቱ ይበልጥ ተጠግቷል።