ገሉም የእሳቸው ነበር

የደንቢያ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ስሙኝ። ልመክራችሁ አይደለም፤ ለመምከር ንጹሕ መሆን ያሻል፣ እኔ ግን ጋቢውን ከያዙት አንዱ ነኝ።

ባለፈው ጥቅምት ነው። የጎረቤቴ ልጅ፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሦስት ቀን በትኩሳት ነደደች። በሦስተኛው ሌሊት መቃዠት ስትጀምር «ቡዳ በልቷታል፣ ትለፍልፍ» ተባለ። ፍም ገል ላይ ተደረገ፣ ቀበሪቾ ተነሰነሰበት፣ ራሷን ወደ ጢሱ ደፍተን ጋቢ አለበስናት። በአንድ በኩል አባቷ፣ በሌላው በኩል እኔ ጫፉን ይዘን አፈንናት። «ማን በላሽ? ተናገሪ!» ሲሏት ትንፋሽ አጠራት። «ተናገሪ!» በመጨረሻ የሸክላ ሠሪዋን ስም ጠራች። ለምን አትጠራ? ከተወለደች ጀምሮ «በዚያች ቤት በኩል እንዳታልፊ» እያልን ሌላ የማንን ስም አስጠናናት?

ሴትዮዋን ከመኝታቸው አስነስተን አመጣናቸው። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ ግን «አንቺ» ነው የሚላቸው። «እንትፍ በይባት!» ተባሉ። ሊተፉ ሞከሩ፤ ከድንጋጤ አፋቸው ደርቆ ምራቅ አጡ። «አውቃ ነው የከለከለችን» አለ አንዱ። ደጅ ላይ ዱላ የያዙ ነበሩ። እሳቸው ዱላውን አላዩትም፤ ዓይናቸው ፍሙ ያለበት ገል ላይ ነበር። የተሰበረ ምጣድ ስባሪ ነው። በገዛ እጃቸው የሠሩት ምጣድ።

ልጅቱ ሳይነጋ ሞተች። ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ከአጥሩ መለስናቸው።

በሳምንቱ ታናሽ ወንድሟም አተኮሰው። እሱን ጤና ኬላ ወሰዱት፤ ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም ተወሰደች፣ ሩብ ሰዓት አልሞላም ወባ ተባለ። ኪኒኑን ውጦ ይኸው ጥጃ ያግዳል። ወባ ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ሰውን እንደሚያስለፈልፍ ደንቢያ ጠፍቶት ነው? አያቶቻችንን በወባ የቀበርን ሰዎች! እሷንም የበላት ቢምቢ ነበር።

አታፍሩም ወይ? ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ባለ እጁን ሁሉ መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነገሩ። ሰማን፣ ረሳን። ጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ ቤተ እስራኤሎች ማረሻችንን እየቀጠቀጡ፣ ገንቧችንን እየሠሩ ቡዳ ስንላቸው ኖርን፤ በ1977 እና በ1983 ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ቡዳው ግን አብሯቸው አልተሳፈረም፤ ሌላ ጭቃ የሚያቦካ ሰው ፈልገን ጫንበት። በሠሩልን እየበላን «በሉን» እንላለን።

እኔ እኮ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ ነኝ። በቡዳ አላምንም፤ ያንን ሌሊትም አላመንኩም፤ የሚያንገበግበኝም ይኼው ነው። አባትዬው ጋቢውን የያዘው ልጄ ትድንልኝ ብሎ ነው። እኔ የያዝኩት «ተማርኩ ብሎ ኮራብን» እንዳልባል ነው። ጋቢውን ሁለቴ አጠብኩት፣ የቀበሪቾው ሽታ አልለቅ አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ሸክላ ሠሪዋ ጀበና ደርድረው ተቀምጠዋል። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» ብላቸው ዞር ብለው ከኋላቸው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አዩ። አንዷን ጀበና መርጬ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው መሬት ላይ አስቀመጡልኝ፤ ብሩንም መሬት እስክጥል ይጠብቃሉ። አልጣልኩም። ሰው ያየናል፣ እጄ እንደተዘረጋ ነው። በመጨረሻ ብሩን ከጀበናዎቹ መሐል አስቀምጬ ሄድኩ።

ለመጪው ቅዳሜ ምጣድ ያስፈልገኛል፣ እመለሳለሁ። እናንተም ገበያ መውጣታችሁ አይቀርም። ብሩን ብቻ መሬት አትጣሉባቸው።