«ግቢና ውጪ»፦ ለገመድ አልባው ኪቦርዴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ ገአኪ/01
ጉዳዩ፦ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። ይህችን ሰላምታ በእርስዎ በኩል ብልካት ኖሮ «ተና ይስትልን» ሆና እንደምትደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ስጫን እንዳልተጫነ ስለሚቆጥሩት «ጤ» ወደ «ተ»፣ «ጥ» ወደ «ት»፣ «ኝ»ም ወደ «ን» ይወርዳል። በዕድሜዬ ብዙ ምርቃት ሰምቻለሁ፤ «ይስትልን» ብሎ የሚመርቅ ግን ከእርስዎ በቀር አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከእቃ ግምጃ ቤት አቧራውን አራግፌ ባወጣሁት አሮጌ ባለገመድ ኪቦርድ ነው። ግማሾቹ ፊደሎች ተፍቀዋል፤ ትልቁ የክፍተት ቁልፍ ሲመታ እንደ ሙቀጫ ይጮኻል። ቢሆንም የሰጡትን ይቀበላል።

ቅር ያሰኘኝ መሳሳትዎ አይደለም። የማይሳሳት ማን አለ? ቅር ያሰኘኝ አሳሳትዎ ነው። እንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ቢዋጥ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ጎድሎ ይታያል፤ አንባቢም የእጅ ስሕተት ነው ብሎ ያልፈዋል። አማርኛ እንዲህ አይደለም። እኛ በምንጽፍበት ስልት «ገ» እንዲወጣ ሁለት ቁልፍ መመታት አለበት። የመጀመሪያው ሳድሱን «ግ» ያወጣል፤ ሁለተኛው አናባቢውን ጨምሮ «ገ» ያደርገዋል። እርስዎ ሁለተኛዋን ዋጥ ሲያደርጓት ቃሉ አይጎድልም፤ ሌላ ቃል ይሆናል። ኮምፒውተሩም ቀይ መስመር አያሰምርበትም፤ የወጣው ንጹሕ አማርኛ ነዋ!

የየካቲቱን ሪፖርት አይረሱትም ብዬ አምናለሁ። ርእሱ «የገቢና ወጪ መግለጫ» ነበር። በእርስዎ በኩል አልፎ «የግቢና ውጪ መግለጫ» ሆኖ ታተመ። የጎደሉት ሁለት ምት ብቻ ናቸው። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«እኔን ነው?» አሉኝ።

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ግቢ ነው የምትለኝ ወይስ ውጪ? አንዱን ቁረጥ።»

በሳምንቱ ደግሞ «ለተከበሩ ደንበኞቻችን» ብዬ የጀመርኩትን ማስታወቂያ «ልትከብሩ ደንበኞቻችን» አድርገው አደሉት። እኔ ያሳወቅሁት የቢሮ ለውጥ ነበር፤ እርስዎ ያበሠሩት ሀብት። አንድ ደንበኛ ደውለው ዕጣ ወጥቶላቸው እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። ቤት ቀይረናል እንጂ ዕጣ የለም ብዬ ስመልስላቸው የተሰማቸውን ቅሬታ ለእርስዎ ማስረዳት አይቻለኝም።

«ደመወዝ»ን «ደምወዝ» ያደረጉ ቀን ግን አልዋሽም፣ ሳላርም አሳልፌዋለሁ። ቃሉ ከደምና ከወዝ ነው የመጣው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ያን ዕለት ከእኔ ይልቅ እርስዎ አዋቂ ሆነው ነበር።

መዋጡ ሳያንስ መድገምም አለብዎ። ሐዘን ላይ ላለ የሥራ ባልደረባ «መጽናናት የአምላክ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ እርስዎ «ነውውውውውውውው» ብለው እንደ ጅብ ጮኹበት። ነገሩ በኋላ ገብቶኛል። ቁልፉ መጫኑን ለኮምፒውተሩ ይነግሩታል፤ መለቀቁን የሚናገረው መልእክት ግን በአየር ላይ ይጠፋል። ኮምፒውተሩም የዋህ ነውና ጣቴ እዚያው ተጣብቆ የቀረ መስሎት መድገሙን ይቀጥላል። የይለፍ ቃሌም 9 ፊደል ሆኖ ሳለ ሳጥኑ ውስጥ 11 ጥቁር ነጥብ የቆጠርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ኮምፒውተሩ በሩን ዘጋብኝ። አንተ የማትረባ ፕላስቲክ! ይቅርታ፣ አንተ ማለቴ ከንዴት ነው።

ሳልመረምር አልከሰስኩዎትም። መጀመሪያ ገልብጬ ጀርባዎን መታ መታ አደረግኩ፤ አንድ የገብስ ቆሎ፣ ግማሽ ሽምብራና የሱፍ ቅርፊት ረገፈ። የቆሎው ባለቤት እኔ መሆኔን አልክድም። ቀጥሎ ወደ ባትሪ ድንጋይዎ ሄድኩ። አሮጌዎቹን እናቴ የሬዲዮዋን ድንጋይ እንደምታደርገው ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፣ በጥርሴም ነከስ ነከስ አደረግኋቸው፤ ወደ ማታ ተመልሰው ሞቱ። ከሱቅ ባለ 1.5 ቮልት ሁለት አዲስ ገዛሁ። ለአንድ ጠዋት እንደ ደቀ መዝሙር አደብ ገዙ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ያው «ግቢና ውጪ» ተመለሰ። የኮምፒውተር ባለሙያውን ጠራሁት፤ ሳይቀመጥ «ቫይረስ ነው» አለ፣ አጥፍቶ አበራው፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ከሁሉም የከፋው ከጎረቤቴ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘሁዎት ቀን ነው። አንዲት ፊደል ሳይሳሳቱ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ! «ጨጓራ» እና «ጰራቅሊጦስ» ሳይቀሩ ጥርት ብለው ወጡ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይኸው ነው። ጎረቤቴም ኪቦርዱን ትቶ ጣቶቼን ያይ ጀመር።

ምስጢሩ የወጣው በአጋጣሚ ነው። ጥፍር የምታክለው፣ የሚልኩትን ሰምታ ለኮምፒውተሩ የምታቀብለው ተቀባይዎ የተሰካችው ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ በብረት ሳጥኑና በግድግዳው መካከል ነበር። ካርቶንዎ ላይ «10 ሜትር» ተብሎ ተጽፏል፤ በእኔና በእርስዋ መካከል ያለው አንድ ሜትር አይሞላም። ከአጠገብዋ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ ላይ ግን ፋይሎቻችን በየቀኑ ከ9 ሰዓት ጀምሮ የሚገለበጡበት ውጫዊ ሀርድ ዲስክ አለ። አንድ ቀን ዲስኩን ሌላ ክፍል ተዋሰው። ያን ዕለት እርስዎ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሰክነው ዋሉ።

ለካ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ተናግሮ ኖሯል፤ በዩኤስቢ 3.0 መስመር መረጃ ሲተላለፍ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ይነሣል። እርስዎም የሚያንሾካሹኩት በዚያው ሞገድ ነው፤ ዋይፋዩም ብሉቱዙም እዚያው ይጋፋሉ። ዲስኩ እንደ ወፍጮ ቤት ሲያጓራ የእርስዎ ሹክሹክታ ከተቀባይዋ ጆሮ አልደርስ አለ። ጎረቤቴ ጋ ዲስክ አልነበረም፤ ጨዋነትዎ ከዚያ መጣ።

አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝቼ ተቀባይዋን ከፊትዎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፤ ዲስኩን ወደ ሌላው ጎን አራቅሁት። ከዚያ ወዲህ እስካሁን አልሳቱም።

ይህ ማለት ግን ነጻ ወጡ ማለት አይደለም። ረብሻ ከነበረ ዝም ማለት ይቻል ነበር። አልሰማም ብሎ ሙሉ ቃሉን የሚያስቀር ኪቦርድ አከብራለሁ። እርስዎ ግን ግማሹን ሰምተው ሙሉውን እንደሰማ ሰው በልበ ሙሉነት አወሩ፤ ፊርማውም የእኔ ሆነ። ስለሆነም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአዲስ ሠራተኛ በሚፈቅደው ልክ የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሰጥቼዎታለሁ። በእነዚህ ቀናት የይለፍ ቃል፣ የሐዘን መልእክትና የሒሳብ ሪፖርት መንካት ተከልክለዋል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ፤ እንዲገቡም እንዲወጡም ያላዘዝኩ መሆኔን እንዲያውቁልኝ
ለገመድ አልባው ማውስ፤ የአንተንም ድንጋይ የማይበት ቀን ሩቅ አይደለም
ለባለገመዱ ኪቦርድ፤ እስከ 60ኛው ቀን ወደ ግምጃ ቤት አትመለስም