የጉሮሮ ሕመም

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመን ጦር ውስጥ ሐኪም የማያድነው አንድ በሽታ ነበር። ወታደሮቹ «ሃልስሽሜርትሰን» ይሉታል፤ የጉሮሮ ሕመም ማለት ነው። ትኩሳትም ሳልም የለውም። ታማሚው አንገቱን ሰገግ ያደርጋል፣ ኮሌታውን ይነካካል፣ ምሳ ላይ የባልደረባውን አንገት ሰርቆ ያያል፣ ከዚያ ማንም ሳይጠራው ለሚቀጥለው በረራ እጁን ያወጣል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፦ 48 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ መሐሉ ብረት ዙሪያው ብር የሆነ፣ በጥቁር፣ ነጭና ቀይ ጥብጣብ የሚንጠለጠል የፈረሰኛ መስቀል የተባለ ኒሻን። ሌላው ኒሻን ደረት ላይ ስለሚሰካ ካፖርት ሲደረብበት ማንም አያየውም። ይሄኛው ግን ልክ ጉሮሮ ሥር ነው የሚውለው፤ ሰላምታ የሚሰጥ ሁሉ ሳይወድ ያየዋል።

የመድኃኒቱ ዋጋ ግን አንድ ቦታ አልረጋም። ቬርነር መልደርስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ከተዋጊ አብራሪዎች ሁሉ ቀድሞ መስቀሉን ሲያገኝ 20 አውሮፕላን ጥሎ ነበር። ኤሪክ ሃርትማን በጥቅምት 1943 ያንኑ መስቀል ሲያጠልቅ 148 ጥሏል። በሦስት ዓመት ተኩል ከሰባት እጥፍ በላይ! ምክንያቱ የገበያ ሕግ ነው። ከሰኔ 1941 ጀምሮ በምሥራቁ ግንባር የሶቪየት አውሮፕላን እንደ ጉድ ሲወድቅ ግዳዩ ረከሰ፣ መስቀሉ ተወደደ። በምዕራብ ያሉት፣ የአሜሪካንን ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ የሚጋፈጡት፣ «የእኛ አንዱ ከእነሱ አንዱ እኩል ነው እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ። እናም ነጥብ ተተመነ፦ ባለ አራት ሞተር የጣለ 3፣ ከመንጋው ነጥሎ ያስቀረ 2፣ ተዋጊ አውሮፕላን የጣለ 1።

መስቀሉ ከተገኘም በኋላ ሕመሙ ያገረሻል። ለዚህም ታስቦበታል፤ በ1940 የኦክ ቅጠል፣ በ1941 ሰይፍ፣ በዚያው ዓመት አልማዝ ተጨመረ። አልማዙን እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ያገኙት 27 ሰዎች ብቻ ናቸው። የአየር ኃይሉ አለቃ ኸርማን ጎሪንግ ግን በዚህ ሁሉ ወረፋ አልተንገላታም፤ በ1940 ከሁሉ በላይ የሆነው ታላቁ መስቀል ተሰጠው፤ በዚያ ጦርነት ከእሱ ሌላ ያገኘው የለም።

ጥሎ መምጣት ብቻውን አይበቃም፤ ቅጽ አለ። አብራሪው ከኮክፒት ወርዶ ላቡ ሳይደርቅ ከ20 በላይ ጥያቄ ይመልሳል፦ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ፣ በየትኛው የካርታ አራት ማዕዘን፣ በምን ከፍታ፣ ምን ዓይነት አውሮፕላን፣ ከየት አቅጣጫ ተጠቃ፣ ስንት ጥይት ወጣ፣ በአየር ያየ ማን፣ በምድር ያየ ማን። ምስክር ከሌለ ግዳይ የለም። «አንድ አብራሪ፣ አንድ ግዳይ» ስለሚባልም ሁለት ሰዎች ተጋግዘው የጣሉትን ለሁለት መካፈል ክልክል ነው፤ አንዱ ይወስዳል፣ ሌላው ያኮርፋል። ወረቀቱ በርሊን ደርሶ ማኅተም እስኪያርፍበት ወራት ይፈጃል። ሰማይ ላይ ከወረደው እሳት ይልቅ ቢሮ የተቀመጠው ጸሐፊ ነበር የሚያስፈራው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምስክር ስለሆነ ነው እንግዲህ አጃቢ አብራሪ የሚከበረው፤ በዘልማድ «ካችማሬክ» ይሉታል። የአለቃውን ጅራት ይጠብቃል፣ አለቃው ሲተኩስ ያያል፣ ማታ ቅጹ ላይ ይፈርማል። በ52ኛው ተዋጊ ክንፍ ደግሞ አንድ ጨዋ ልማድ ነበር፤ ማዕረግ መሬት ላይ ይቀራል። አየር ላይ የሚመራው ልምድ ያለው ነው፤ ስለዚህ አዲሱ መኮንን ሃርትማን በጥቅምት 1942 ካውካሰስ ሲደርስ ኤድሙንድ ሮስማን ለተባለ የበታች ሹም ካችማሬክ ተደረገ።

ጥቅምት 14 ቀን የመጀመሪያው ግዳጅ። የጠላት አውሮፕላን ሲታይ ልጁ መሪውን ጥሎ የነዳጁን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፍቶ ተወረወረ፤ ተኮሰ፤ ሳተ፤ ሊላተም ትንሽ ሲቀረው ደመና ውስጥ ገባ። ሲወጣ አንድ አውሮፕላን ይከተለዋል። ሸሸ! ሲከተለው የነበረው ሮስማን ነው፤ «ና ወዲህ» ሊለው። የሜሰርሽሚት 109 ታንክ 400 ሊትር ያህል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሞተሩ ሙሉ ኃይል ሲጋለብ ደግሞ ውኃ እንደሚጠጣ ግመል ነው። ነዳጁ አለቀ፣ አውሮፕላኑ በሆዱ ተንፏቆ ቆመ። ቅጣቱ ሦስት ቀን ከመካኒኮች ጋር መሥራት። ሞተር ለማስነሳት በስተቀኝ እጀታ ሰክቶ የሚያሽከረክረው መካኒክ ምን ያህል እንደሚያልበው በዚያ ሳያውቅ አልቀረም።

በኅዳር 5 የመጀመሪያውን ግዳይ ጣለ፤ ኢሊዩሺን 2 የተባለውን ብረት ለበስ አጥቂ። አብራሪውና ሞተሩ በብረት ስለታጠሩ ከላይ ቢተኮስበት ጥይቱ ይነጥራል፤ አሮጌዎቹ «ከሥሩ ግባና ሆዱ ላይ ያለውን የዘይት ማቀዝቀዣ ምታ» ይላሉ። ገባ፤ መታ፤ የወደቀው ስብርባሪ የራሱን ሞተር መታውና እሱም ወረደ። አንድ ለአንድ።

ከዚህ በኋላ ነው ሰውየው ብልጥ የሆነው። ክንዱን የቆሰለው ሮስማን መጠማዘዝ ስለማይችል አድብቶ ነው የሚመታው፤ ሌላው አብራሪ ቫልተር ክሩፒንስኪ ደግሞ «ቅረብ! ቅረብ!» ይላል። ሃርትማን ሁለቱን ደባለቀ፦ እይ፣ ወስን፣ ምታ፣ ከዚያ ዞር በል። መስታወቱን ጠላት ሞልቶ ሌላ ነገር እስካልታየ ድረስ አይተኩስም። ስስት አይደለም፤ ስሌት ነው። ኋላ በመጡት ሞዴሎች ላይ የተገጠመው 30 ሚሊ ሜትር መድፍ 65 ጥይት ብቻ ይይዛል፤ ቃታው ከተያዘ በስድስት ሰከንድ ገደማ ባዶ ይሆናል። መጠማዘዙን፣ ጀግና መባያውን ፍልሚያ ግን ተወው። ከ1,400 በላይ በረራ፣ 352 ግዳይ፤ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው መጋጠምን የሚሸሽ ሰው ሆነ። ፎካሪዎቹ አፈር ውስጥ ናቸው። ከቁጥሩ ጀርባ ሊወራት የመጣ ጦር ላይ አገሩን የሚከላከል የሶቪየት ወጣት እንዳለ ቅጹ አይጠይቅም።

በ1944 ሃርትማን፣ ክሩፒንስኪና ቪዜ የተባለ አብራሪ የኦክ ቅጠሉን፣ ባልደረባቸው ባርክሆርን ደግሞ ሰይፉን ለመቀበል በባቡር ወደ ሂትለር ተራራ ቤት ሄዱ፤ መንገዱን በኮኛክና በሻምፓኝ አሳጠሩት። ሲደርሱ መቆም አቃታቸው። እነሱ ኋላ እንደተረኩት ሃርትማን መስቀያው ላይ ያየውን ኮፍያ አንሥቶ ቢያጠልቅ ጆሮው ድረስ ወረደበት። የሂትለር አጋፋሪ ፎን ቤሎ ተንደርድሮ መጥቶ ነጠቀው፤ ኮፍያው የራሱ የሂትለር ነበርና። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን የሚሰጥለት ጌታ ጭንቅላቱ ሰፊ እንደነበር በዚህ ታወቀ።

በነሐሴ ግዳዩ 301 ሞልቶ ለአልማዙ ሲሄድ ደግሞ በሂትለር ላይ ቦምብ ከፈነዳ አንድ ወር አልፎታል፤ ጠባቂዎቹ ሽጉጥህን አስረክብ አሉት። «ካላመናችሁኝ አልማዙ ይቅርባችሁ» ብሎ ከነሽጉጡ እንደገባ ራሱ ይተርካል።

ጦርነቱ ሲያልቅ አሜሪካኖች ለሶቪየቶች አስረከቡት፤ አሥር ዓመት ታሰረ፤ በ1955 ተመለሰ። በ1957 ምዕራብ ጀርመን ኒሻን ማድረግን በሕግ ፈቀደች፤ ስዋስቲካው እስከወጣ ድረስ። መሐሉ ላይ በስዋስቲካ ፈንታ የኦክ ቅጠል ያለበት አዲስ መስቀል ተሠራ። ያው ብር፣ ያው ጥብጣብ፣ ያው ጉሮሮ።

ሃርትማን በአዲሱ አየር ኃይል የመጀመሪያውን የጄት ተዋጊ ክንፍ መራ። መንግሥት ስታርፋይተር የተባለውን የአሜሪካ ጄት ሊገዛ ሲል ይህ አውሮፕላን ለእኛ ልጆች ገና ነው፣ ይገድላቸዋል አለ። ከ900 በላይ ተገዛ፤ ወደ 300 የሚጠጋው ወደቀ፤ ከ100 በላይ አብራሪ ሞተ። በግብዣ ላይ አንገቱን እያዩ የሚደነቁ አለቆች ከዚያው ጉሮሮ የወጣውን ድምፅ አልወደዱትም። በ1970፣ በ48 ዓመቱ፣ በኮሎኔልነት ጡረታ ወጣ።