ደቻቱን ድሬ ላይ ቆሞ መጠበቅ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የሚነሣው ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲወርድ ከተማው ጠብ ላይልበት ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ሰዉን በተኛበት ደርሶበት ከ200 በላይ ሕይወት ቀጥፏል። ዛሬም ብዙው ነዋሪ አደጋውን የሚገምተው ቀና ብሎ የራሱን ሰማይ እያየ ነው።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ፍርሃቱን ከሚገባው በላይ አስረስቷል ባይ ነኝ። ጎርፍ የሚያመጣው ደለል የወንዙን ወለል በግማሽ ሜትር ከሞላው 3 ሜትር የነበረው ግንብ 2 ሜትር ተኩል ቀረ ማለት ነው። በሌላ በኩል ለግንባታ የሚሆን አሸዋ ከግንቡ ሥር ሲዛቅ መሠረቱ ይራቆታል፤ ቀጣዩ ጎርፍ ከሥር ቦርቡሮ ይጥለዋል። አሸዋ መዛቁ ራሱ አይከፋም፣ እንዲያውም ወለሉን ዝቅ ያደርጋል። ከመሃል ይሁን እንጂ። ዛቂዎቹን ከማባረር የት ድረስ መቆፈር እንደሚቻል ግንቡ ላይ በቀለም ማመልከት ይሻላል።

በየቤቱ የተለመደው መላ የበሩን ደፍ በሲሚንቶ ከፍ ማድረግ ነው። ከመንገድ ለሚገባ ውሃ ይበቃል፤ ለደቻቱ ግን አይሆንም። ውጭ ያለው ውሃ 1 ሜትር ሲደርስ 80 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን በር 400 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ይጫነዋል። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ከዚያ በኋላ በሰው ክንድ አይገፋም። መውጣት የሚቻለው ቀድሞ ነው፤ ያውም የመብራት ቆጣሪውን አጥፍቶ። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲሜትር ብቻ ቢሆንም አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 60 ሲደርስ መኪና ይወስዳል። «ቶሎ ልሻገር» የሚባልበት ውሃ አይደለም።

«ቀድሞ» ማለት ስንት ነው? በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄድ ጎርፍ 10 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። በዚያች ሰዓት የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ከቢሮ ቢሮ ተዘዋውሮ አይደርስም። ደጋው ላይ ወንዙን የሚያይ ተረኛ በቀጥታ ወደ ወንዝ ዳር ሰፈሮች ይደውል፤ የሚደወልላቸው ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ አንዱ ስልኩን አጥፍቶ ሊተኛ ይችላልና። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ግን አይሠሩም፤ ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ማጉያ በየሰፈሩ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከመጋቢትና ከሐምሌ ዝናብ በፊት፣ በተለይ በሌሊት፣ መሞከር አለበት።